ስኪመሬ ከ14 ወር በኋላ፦ «ፊልተር ገዛሁ» ብዬ ምን ነበር የገዛሁት?

ስኪመሩን (የጨው ውሃ ዓሣ ገንዳን ቆሻሻ በአረፋ ሚያወጣ ዕቃ ነው) ከገዛሁት 14 ወር ሞላው። ሳምንት ተጠቅሞ አምስት ኮከብ ሚሰጥ ሰው ለኔ ምንም አይጠቅመኝም፣ ለዛ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። ለቸኮለ ሰው፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ድጋሚም እገዛዋለሁ፣ ግን የጨው ውሃ አኳሪየም ፊልተር ማለት እሱ መስሎኝ ነበር የገዛሁት፣ አይደለም፣ ይቺን ለማወቅ ደግሞ አንድ ካኒስተር (ውስጡ ስፖንጅ ያለበት ዝግ የፊልተር ሳጥን) እና አንድ ጥግ ላሚኔት ወለል አስከፍላኛለች።

ብራንዱን አልጠራም፣ መሃል ላይ ጭቅጭቅ ስላለን። ለነገሩ በዚህ ዋጋ ያሉት ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ነው ሚመስሉት፦ 230 ዶላር፣ ከገንዳው ስር ባለ ሳምፕ ውስጥ ሚቀመጥ፣ 14 ዋት ፓምፕ፣ ሳጥኑ ላይ በትልቁ «እስከ 100 ጋሎን» ሚል። ያ 100 ጋሎን ምን ያህል ዓሣ ላለበት እንደሆነ አይነግሯችሁም። እኔ በግማሽ አስቤ ነው የገዛሁት፣ ያ ልክ ነበር።

ቤቱ አርሊንግተን ቨርጂኒያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ አፓርትመንት ነው። ገንዳው 40 ጋሎን (150 ሊትር ገደማ)፣ ታች ካቢኔው ውስጥ 20 ጋሎን ሳምፕ አለ፣ ማለት ሌላ ትንሽ ገንዳ፣ ውሃው ከላይ በትቦ ይወርድለትና እዛ ተጣርቶ ተሞቆ በፓምፕ ይመለሳል። ነዋሪዎቹ ሁለት ክላውን ፊሽ፣ አንድ ሮያል ግራማ፣ አንድ ፋየርፊሽ፣ አንድ ቢጫ ጎቢ ከነሽሪምፑ (ሽሪምፑ ይቆፍራል ጎቢው ዘብ ይቆማል፣ ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ አንቴናውን ከጎቢው ላይ አያነሳም፣ እነሱን ሳይ ስንቴ ቡናዬ ቀዝቅዞብኛል) እና ለስላሳ ኮራሎች ናቸው። ልጄ ትልቋን ክላውን በርበሬ፣ ትንሹን ሚጥሚጣ ብላቸዋለች። ክላውን ሁሉም በወንድነት ነው ሚጀምሩት፣ ከጥንዱ አለቃ ሆና የወጣችው ነች ሴት ምትሆነው፣ ይሄን ስነግራት ባለቤቴ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው» አለችኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት ካኒስተር ነበር። ድሮ ጎልድ ፊሽ ነበረኝ፣ እዛ ካኒስተር ንጉሥ ነው፣ በወር አንዴ ከፍተህ ስፖንጁን ታጥባለህ በቃ። እዚህም እንደዛው አደረግኩ፣ በሦስተኛው ወር ናይትሬት (ከዓሣው ቆሻሻ ሚመጣ፣ አልጌ ሚመገበው ነገር) 50 ደረሰ፣ ብርጭቆው በቡኒ አልጌ ተሸፈነ፣ ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ትንሽ ይወርድና በሳምንቱ እዛው ይመለሳል። ስከፍተው ምን አየሁ፣ የተረፈ ምግብና የዓሣ ኩስ ስፖንጁ ላይ ተከማችቶ ጭቃ ሆኗል፣ ውሃው ደግሞ ቀን ከሌት በዛ ጭቃ ውስጥ ነው ሚያልፈው። ከዓይን ደበቀው እንጂ ከውሃው አላወጣውም! የተበላበትን ሰሃን ሳታጥቡ ሳጥን ውስጥ እንደመክተት በሉት። በየሳምንቱ ከፍቶ ሚያጥብ ሰው በካኒስተርም ይኖራል፣ እኔ አይደለሁም ያ ሰው።

እና ፊልተሩ ምንድነው ካላችሁ ድንጋዩ ነው። ወደ 18 ኪሎ ደረቅ የሪፍ ድንጋይ አለኝ፣ ስፖንጅ የመሰለ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ባክቴሪያው እዛ ነው ሚኖረው። ዓሣው ሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፣ አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ ሌላው እሱን ወደ ናይትሬት፣ ድንጋዩ ጥልቅ ውስጥ ኦክስጅን በሌለበት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ሚቀይሩ አሉ፣ እነሱ ግን ቀስ ብለው ነው ሚሰሩት። ይሄ ሁሉ ቤተሰብ እስኪሰፍር ባዶ ገንዳ እያየሁ አምስት ሳምንት ጠብቄያለሁ፣ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ እስኪሉ ዓሣ አልገባም። ልጄ በየቀኑ «ዛሬስ?» ትለኝ ነበር። ጠብቁ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ዓሣ ገድሎ ነው ሚማረው።

ስኪመሩ ታዲያ ሚሰራው ሌላ ነገር ነው፦ ቆሻሻው በስብሶ አሞኒያ ሳይሆን ቀድሞ ያወጣዋል። ፓምፑ አየርና ውሃ አብሮ እየመታ ደቃቅ አረፋ ይሰራል፣ በጣም ከመድቀቁ የተነሳ ውሃው ወተት ይመስላል፣ ፕሮቲንና ቅባት ነክ ነገር ደግሞ ውሃና አየር ሚገናኙበት ቆዳ ላይ መለጠፍ ይወዳል፣ ከአረፋው ጋ ተሳፍሮ በጠባቡ አንገት ይወጣና ላይ ያለው ካፕ (ኩባያ) ውስጥ ይደፋል። ጎልድ ፊሽ ቤት ማይሰራውም ለዚህ ነው፣ ጨው በሌለው ውሃ አረፋው እርስ በርስ እየተዋሃደ ትልልቅ ይሆንና ቶሎ ይፈነዳል። ካፑ ውስጥ ሚጠራቀመውን ፈረንጆቹ በራሳቸው ስም ይጠሩታል፣ እኛ ቤት ግን ስሙ አተላ ነው፣ ቀለሙም እንደዛው፣ ሽታው ግን እውነተኛ አተላን ሽቶ ያሰኛል። አንዴ ኩሽና ሲንክ ላይ ደፍቼው ባለቤቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ አሁን ሽንት ቤት ነው ሚሄደው።

ስትገዙት ወዲያው እንዳትፈርዱበት። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀናት ዝም ብሎ ውሃ ነው ያፈላው፣ አዲስ ፕላስቲክ ላይ ያለው የፋብሪካ ቅባት እስኪለቅ እንደዛ ነው። ከዛ በኋላም ሁለት ዓሣ ብቻ እያሉኝ ካፑ ደርቆ ይውል ነበር፣ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ሳጥኑን ሁሉ ፈልጌ አወጣሁ። ዓሣዎቹ አምስት ሲሆኑ ነው አረፋው አንገቱ ላይ የቆመው። ሚያወጣው ነገር ከሌለ ምን ያውጣ? ትልቅ ስኪመር ለትንሽ ገንዳ መግዛት ብልህነት ማይሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥልቀት። ማንዋሉ ከ7 እስከ 9 ኢንች ውሃ ውስጥ ይቀመጥ ይላል፣ እኔ ጋ 8 ላይ ነው ሰላም ሚሰጠኝ፣ በግማሽ ኢንች ሲቀንስ አረፋው ይወርዳል፣ ሲጨምር ውሃ የመሰለ ነገር ይተፋል። ሳምፔ ክፍልፋይ የሌለው ተራ ገንዳ ስለሆነ ውሃ በተነነ ቁጥር ልኩ ይዛባል፣ ክረምት ማሞቂያ ሲበራ ደግሞ በቀን ወደ 3 ሊትር ይተንብኛል። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ የስኪመሩን ማስተካከያ ቁልፍ እያዞርኩ ስታገል ነበር፣ ያዳነኝ 60 ዶላር ያወጣሁበት በራሱ ውሃ ሚሞላ ሴንሰርና የተገለበጠ የፕላስቲክ ምግብ ዕቃ ነው፣ ዕቃውን በስቼ ከስኪመሩ ስር አስቀመጥኩት፣ ከዛ በኋላ ቁልፉን የነካሁት ሦስቴ ቢሆን ነው። ሚተነው ውሃው ብቻ ነው ጨው አይተንም፣ ስለዚህ ሚጨመረው ንጹህ ውሃ ነው፣ ይሄን ያዙልኝ ቀጥሎ ላለው።

ቀጥሎ ያለው ያቺ ሌሊት ናት። ማታ አንድ የወደቀ ኮራል በኢፖክሲ ሙጫ አጣበቅኩና ተኛሁ። ለካ ኢፖክሲ ስኪመርን ያሳብደዋል። ያኔ አተላውን ቶሎ ቶሎ ላለመድፋት ብዬ ከካፑ በቀጭን ቱቦ ውጪ ያለ ጀሪካን ውስጥ አስገብቼው ነበር፣ ስኪመሩ ሌሊቱን ሙሉ የጨው ውሃውን በአረፋ እያወጣ ጀሪካኑን ሞላው፣ ከዛ ወለሉን። ሳምፑ ሲጎድል ሴንሰሩ ምስኪን ሥራውን ሰራ፣ 5 ጋሎን ንጹህ ውሃ በምትኩ ጨመረ። ጠዋት በካልሲ ስረግጠው ጭብ አለብኝ። ሪፍራክቶሜትሩ (የጨው መለኪያው) ላይ ጨዉ ከ1.026 ወደ 1.023 ወርዷል፣ ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም፣ አንዱ ኮራል ግን ሳምንት ተኮራምቶ ከረመ፣ ወለሉ እስከዛሬ አብጦ አለ አከራዩም አላየውም እግዜር ይመስገን። ጨዉን በሁለት ቀን ቀስ ብዬ መለስኩት። አሁን ቱቦው የለም፣ ካፑ ቢሞላም እዛው ሳምፑ ውስጥ ይመለስ፣ ኢፖክሲ በነካሁ ቀን ደግሞ ስኪመሩን ለ24 ሰዓት አጠፋዋለሁ።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ግን አየሩ ነው። ስኪመር ቀኑን ሙሉ የቤቱን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ሚነፋ ማሽን ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ሚተነፍሰውን ዓሣውም ይተነፍሳል። ባለፈው ገና ቤታችን 18 ሰው ነበር፣ መስኮት በብርዱ ዝግ፣ ዶሮው ተጥዶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ሦስተኛው ቡና ላይ ፒኤች ሜትሩን (የውሃውን አሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ባየው 7.8፣ ጠዋት 8.2 የነበረው! ኬሚካል ልጨምር ብድግ ስል ቆም ብዬ አሰብኩ፣ የሰዉ ትንፋሽ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሲድ ይሆናል። መስኮት ከፈትኩ (እማማ «ብርድ አገባህብን» እያሉ) በሁለት ሰዓት ውስጥ ፒኤቹ 8 ገባ። በሳምንቱ 3 ሜትር የአየር ቱቦ ገዝቼ ከስኪመሩ አየር መሳቢያ እስከ መስኮቱ ጠርዝ ዘረጋሁት፣ 6 ዶላር፣ ከዛ ወዲህ ክረምትም ከ8.1 አልወረደም፣ ዕጣኑም ቡናውም እንደልብ። ሐበሻ ቤት ስኪመር ካስገባችሁ ይቺን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉ። ቅባት ሲጠበስ እንኳ ያስታውቃል፣ ቅቤ የተነጠረ ቀን አረፋው ይሞታል፣ ይሁን እንጂ ለዓሣ ብዬ ቅቤ አላቆምም።

ጭቅጭቁ በዘጠነኛው ወር ነው። ፓምፑ እንደ ቡና ወፍጮ መንኮራኮር ጀመረ። አምራቹ ጋ ጻፍኩ፣ ቪዲዮ ላክ አሉኝ ላክሁ፣ በሌላ አንግል አሉኝ ላክሁ፣ ደረሰኝ፣ የሳጥኑ ቁጥር፣ ከዛ «የገዛህበትን ሱቅ ጠይቅ»፣ ሱቁ ደግሞ «አምራቹን ጠይቅ»። የአንድ ዓመት ዋስትና ነው ያለው! በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ መዘውሩን በ34 ዶላር ራሴ ገዛሁ። አንድ የኔም ጥፋት አለበት ልናገር፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ ፓምፑን አንዴም አጥቤው አላውቅም፣ ስፈታው ነጭ ካልሲየም ለብሶ ነበር። አሁን በየሦስት ወሩ ኮምጣጤ ከውሃ ጋ እኩል ቀላቅዬ አንድ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ፣ ድምፁ ጠፍቷል። አንገቱን ደግሞ በሳምንት ሁለቴ በወረቀት እጠርጋለሁ፣ አንገቱ ላይ ቅባት ከተለጠፈ አረፋው አይወጣም፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለ ውሃው ባጭሩ። የኛ አካባቢ የቧንቧ ውሃ ክሎራሚን (እንደ ክሎሪን ጀርም ሚገድል ኬሚካል) አለበት፣ በየፀደዩ ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል፣ ሁለቱም ለባክቴሪያውም ለዓሣውም ጠላት ናቸው፣ ክሎራሚኑ ደግሞ እንደ ክሎሪን አሳድሮ አይለቅም። አርኦ ዲአይ ማጣሪያ (የቧንቧ ውሃን ከሟሟበት ነገር ሁሉ ሚያጸዳ) ግዙ፣ በቲዲኤስ ሜትር፣ ማለት ውሃው ውስጥ የሟሟውን በሚለካው፣ ዜሮ እስኪል። ከስኪመሩ በፊት እሱን ብገዛ ይሻለኝ ነበር፣ የመጀመሪያው ቡኒ አልጌ ግማሹ የቧንቧው ውሃ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁጥሩን ለምትፈልጉ፣ ናይትሬት አሁን ከ5 እስከ 10 ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ 4 ጋሎን እቀይራለሁ፣ ከላይ ሚወርደው ውሃ ደቃቅ ቀዳዳ (200 ማይክሮን) ባለው የማጣሪያ ካልሲ ያልፋል፣ ካልሲውን በአራት ቀን አንዴ እቀይራለሁ (እሱም ከረሳችሁት ትንሿ ካኒስተር ነው ሚሆነው)።

አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ሰምቶ «እኔም ላድርግ?» ብሎኛል። ይቻላል፣ ግን በመጀመሪያ ጨዉ፣ አንድ ባልዲ ጨው የሻንጣህን 23 ኪሎ ጨርሶ ያድራል። ከዛ ከፍታው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃው ሚይዘው ኦክስጅንም በዛው ልክ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም አረፋውም አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ ከስኪመር በፊት በባትሪ ሚሰራ የአየር ፓምፕ ግዛ አልኩት፣ ዓሣም ቀንስ። ዝም አለኝ፣ እያሰበበት ነው መሰለኝ።

ካኒስተሩ እስካሁን ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ቱቦው ደህና ነው፣ ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ትንሽ ደርቋል። ጎልድ ፊሽ ያለው ሰው ካለ በነጻ ይውሰደው፣ ስፖንጁን ግን ሳያጥብ እንዳያስነሳው።