በአንድ ዋጋ የሸጡልኝ ጉዞ አምስት የተለያየ ውል ሆኖ ተገኘ፤ ከአገር ቤት የመጣ ወላጅ ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡት

ክሮሺያ፣ ስፕሊት ከተማ፣ ወደቡ ዳር ያለው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። እናቴን ጥላ ያለበት ወንበር ላይ አስቀምጬ ሻንጣችንን ወደ ዱብሮቭኒክ አውቶቡስ እየጎተትኩ ነበር። ሾፌሩ ፓስፖርታችንን ጠየቀ። የእኔን አይቶ መለሰልኝ። የእናቴን ግን ገልጦ ቪዛዋን አተኩሮ ተመለከተና «ኔኡም» አለኝ። ከዚያ ቪዛው ላይ 01 የሚለውን ቁጥር በጣቱ ነካ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

በዚያች ደቂቃ ምን እንዳለኝ አልገባኝም ነበር። ሌላ ሰው ያን ወንበርና ያን ሐምሌ ፀሐይ እንዳያይ ስለምፈልግ፣ የገባኝን ሁሉ በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

የክሮሺያ ደቡባዊ ጫፍ ከቀረው የአገሪቱ ክፍል ጋር በየብስ አይገናኝም። ዱብሮቭኒክ ያለችው በዚያ ጫፍ ነው። መሐል ላይ የቦስኒያና ሄርዞጎቪና ጠባብ የባሕር በር ይገባል፤ ከተማዋ ኔኡም ትባላለች። ክሮሺያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ አባል ናት፤ ቦስኒያ ግን አይደለችም። ክሮሺያ ይህን መቆራረጥ ለማስቀረት የፔልዬሻትስን ድልድይ ሠርታለች። ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን የተከፈተውም በጁላይ 26 ቀን 2022 ነው። በድልድዩ የሄደ መኪና ከክሮሺያ ሳይወጣ ዱብሮቭኒክ ይደርሳል። ችግሩ ሁሉም አውቶቡስ በድልድዩ አይሄድም። በቀድሞው መንገድ፣ በኔኡም በኩል የሚያልፍ አለ፤ የእኛም እንደዚያው ነበር።

የእናቴ ቪዛ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው፤ 01 ማለት ይህ ነው። ፍራንክፈርት ስትደርስ መግቢያዋን ተጠቅማበታለች። በኔኡም ኬላ ከወጣች ተመልሳ ክሮሺያ የምትገባበት ቪዛ የላትም፤ ለቦስኒያም ቪዛ አልያዘችም። ሾፌሩ በአንድ ቃልና በአንድ ጣት የነገረኝ ይህንን ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ዝም ብሎ ቢያሳፍረን ኖሮ ኬላው ላይ ከሻንጣችን ጋር ይጥሉን ነበር።

ጉዞውን የሸጠልኝ ሰው የራሳችን ሰው ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ድርጅቱንም አልናገርም። በጀርመን ያለን ሐበሾች በምንጠቀምበት የስልክ ቡድን ውስጥ ማስታወቂያ ያወጣል። «ወላጆችዎን ያስጎብኙ፤ አውሮፕላን፣ መኪና፣ አውቶቡስ፣ ሆቴል፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ» ይላል። ለሁለት ሰው፣ ለአምስት ሌሊት፣ 1,480 ዩሮ። ደወልኩለት። እናቴ ከአዲስ አበባ እንደመጣች፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት እንደምትጓዝ ነገርኩት። የቪዛዋን ፎቶ ራሱ ጠይቆኝ ላክሁለት። ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እህቴ፣ ቪዛዋ ሸንገን ነው፤ ክሮሺያም ሸንገን ናት። ምን ያሰጋሻል? አንቺ ፓስፖርት ብቻ ይዘሽ ተነሺ፤ ሌላው የእኛ ሥራ ነው።» ስለ አገሩ የተናገረው እውነት ነው። ስለ መንገዱ ግን አልተናገረም። 01 የሚለው ቁጥር ያለበትን ፎቶ ስልኩ ውስጥ ይዞ ያንን የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠልን።

አብዛኛው ጉዳት የደረሰብን በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓቱ በረረ። መኪናው ጥሩ መኪና ነበር። ሆቴሎቹም ንጹሕ ነበሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረን መንገድ ላይ ግን ኃላፊነት የወሰደ ማንም አልነበረም። እያንዳንዱ ሻጭ «የእኔ ክፍል ተፈጽሟል» ይላል፤ የሚገርመው ደግሞ እውነቱን ነው።

የመጀመሪያው መጋጠሚያ ገና ከቤት ሳንወጣ ነበር። በመርሐ ግብሩ ላይ መነሻችን ፍራንክፈርት፣ መመለሻችንም ፍራንክፈርት ይላል። መነሻው የሃን አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ስሙ ከፍራንክፈርት ጋር ቢያያዝም ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የመመለሻው አውሮፕላን የሚያርፈው ግን በትልቁ፣ በዋናው ማረፊያ ነው። መኪናዬን ሃን አቁሜ ሄድኩ። ስመለስ እናቴን ቤት አድርሼ መኪናዬን ለማምጣት እንደገና በአውቶቡስ ተጓዝኩ። በአውሮፓ ርካሽ በረራ የምትፈልጉ ሁሉ፣ የከተማውን ስም ትታችሁ የማረፊያውን ስም አንብቡ። ሚላን የተባለው ቤርጋሞ፣ ፓሪስ የተባለው ቦቬ፣ ሙኒክ የተባለው ሜሚንገን ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ከከተማው ርቀው የሚገኙ ናቸው።

ትኬቱም የመጨረሻው ርካሽ ዓይነት ነበር፤ ከወንበር ሥር ከሚገባ ትንሽ ቦርሳ በቀር ምንም አይፈቅድም። እናቴ ለመንገድ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ይዛ ነበር፤ ሻንጣዋን በር ላይ መዝነው 60 ዩሮ አስከፈሉን። ሻጩ «ሻንጣ አለው» ብሎኝ ነበር። ቦርሳም ሻንጣ ነው ካላላችሁ በቀር የለውም። ደግሞም አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የሌለው መንገደኛ ወደ ፍተሻው ከመግባቱ በፊት ሰነዱን በመስተንግዶ ጠረጴዛው ላይ እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። የመሳፈሪያ ወረቀቱን ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ ብሎ በቀጥታ በሩ ላይ የደረሰ ሰው ሊመለስ ይችላል።

የክሮሺያዋ ዛዳር ከተማ አርፈን መኪናውን ለመረከብ ወረፋ ያዝን። ውሉ «ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው» ይላል። ሠራተኛዋ ወረቀቱን አይታ «ይህ ኢንሹራንስ የእኛ አይደለም» አለችኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። መኪና አከራዩ ለጉዳት የሚይዘው ማስያዣ አለ፤ በእኛ ጊዜ 1,200 ዩሮ ነበር። ይህም በሾፌሩ በራሱ ስም ካለ ክሬዲት ካርድ ላይ ይታገዳል። በደላላ በኩል የተገዛ ኢንሹራንስ ማስያዣውን አያስቀርም። መኪናው ከተጫረ አከራዩ ከእናንተ ገንዘቡን ይወስዳል፤ እናንተ ደግሞ በኋላ ደረሰኝና ፎቶ ሰብስባችሁ ከኢንሹራንሱ ትጠይቃላችሁ። እኔ የያዝኩት ተራ የባንክ ካርድ ነበር፤ አልተቀበሉትም። ያለኝ ምርጫ የአከራዩን የራሱን ኢንሹራንስ በቀን 39 ዩሮ መግዛት ወይም በእግር መሄድ ነበር። ለሦስት ቀን 117 ዩሮ ከፈልኩ። መኪናውን ዛዳር ተረክቦ ስፕሊት ለመመለስ የሚከፈለው 70 ዩሮም በጠረጴዛው ላይ ተጨመረ። ይህ ክፍያ በአከራዩ ደንብ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። የሸጠልኝ ሰው ደንቡን አላሳየኝም።

የፕሊትቪትሴን ሐይቆች በተመለከተ የማማርረው የሰዓቱን ብቻ ነው። መርሐ ግብሩ ባረፍንበት ቀን ማምሻውን ያደርሰን ነበር፤ ከዛዳር ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከመኪና ወረፋ በኋላ የማይሆን ነገር ነው። በማግስቱ በጠዋት ሄድን። የመግቢያ ትኬቱ በሰዓት የተከፋፈለ ነው፤ በበጋው ወራት ዋጋው ለአንድ ሰው 40 ዩሮ ሲሆን በ1,480ው ውስጥ አልተካተተም። ቢሆንም አልቆጭም። አሥራ ስድስቱ ሐይቆች አንዱ በአንዱ ላይ እየፈሰሱ ሲወርዱ እናቴ የእንጨት ድልድዩ ላይ ቆማ ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም በለሆሳስ ጸለየች። ለዚህ ብዬ ነው የወጣሁት።

እንደገና ወደ ስፕሊት ጣቢያ ልመለስ። ለሻጩ ደወልኩ፤ አላነሳም። መልእክት ጻፍኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ «የአውቶቡስ ትኬቱ ተመላሽ የለውም፤ ቪዛ የመንገደኛው ኃላፊነት ነው» ብሎ መለሰ። በድልድዩ የሚሄደው ሌላ አውቶቡስ ሞልቷል። በታክሲ ለመሄድ ከ300 ዩሮ በላይ ጠየቁን። እናቴ «ልጄ፣ እኔ አልደከመኝም፤ የሚያሳዝነኝ ያንቺ ገንዘብ ነው» እያለች ውኃዋን ወደ እኔ ትገፋለች። በመጨረሻ የቲኬት ሻጯ ልጅ ወደ ወደቡ ጠቆመችኝ። በበጋ ከስፕሊት ወደ ዱብሮቭኒክ ፈጣን ጀልባ አለ፤ እንደ ሁቫርና ኮርቹላ ያሉትን ደሴቶች እየነካ በክሮሺያ ውኃ ብቻ ስለሚሄድ ኬላ የለበትም። የዚያ ቀኑ ሞልቶ ስለነበር የማግስቱን ቆረጥን። ለጀልባው ለሁለታችን 110 ዩሮ፣ ለስፕሊት ተጨማሪ ሌሊት 130 ዩሮ ወጣ፤ አስቀድሞ የተከፈለበት የዱብሮቭኒክ ክፍል ደግሞ ባዶውን አደረ።

ዱብሮቭኒክ ስንደርስ ሆቴሉ ራሱ የአንድ ቀን ሽርሽር ሊሸጥልን ሞከረ፤ አንዱ ወደ ሞስታር፣ ሌላው ወደ ኮቶር። ሞስታር ቦስኒያ ውስጥ፣ ኮቶር ሞንቴኔግሮ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ከሸንገን ውጭ። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ባለቤት ያው ወጥመድ ነው። እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ ቆጵሮስ፣ ሰርቢያና አልባኒያም እንደዚሁ። አየርላንድና ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆኑ ብዙ ሰው ይሳሳትባቸዋል።

ከተመለስኩ በኋላ ወረቀቶቹን ዘርግቼ አየኋቸው። አንድ ዋጋ ከፍዬ አምስት ደረሰኝ ነው የተቀበልኩት፤ እያንዳንዱ በሌላ ድርጅት ስም። ሻጩም «እኔ አገናኝ ነኝ እንጂ አዘጋጅ አይደለሁም» አለኝ። ይህ አባባል ግን በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አያዋጣውም። ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጥቅል ጉዞ መመሪያ፣ ቁጥሩ 2015/2302፣ አንድ ነጋዴ ሁለትና ከዚያ በላይ የተለያዩ አገልግሎቶችን፣ ለምሳሌ አውሮፕላንና ሆቴል ወይም አውሮፕላንና የኪራይ መኪና፣ ለአንድ ጉዞ አቀናጅቶ በአንድ ዋጋ ከሸጠ ጥቅል ጉዞ ይለዋል። ሌሊት የሚያሳድር ከሆነ አምስት ሌሊት መሆን አይጠበቅበትም። ሻጩ ራሱን በምንም ስም ቢጠራ ለመላው ጉዞ አፈጻጸም ይጠየቃል። ከመሸጡ በፊትም ስለ ፓስፖርትና ቪዛ መስፈርት አጠቃላይ መረጃ መስጠት አለበት። በጀርመን ደግሞ ጥቅል ጉዞ የሚሸጥ ሰው «ዚሸሩንግስሻይን» የሚባለውን፣ ድርጅቱ ቢከስር ገንዘባችሁ እንደሚመለስ የሚያረጋግጠውን ወረቀት ሳይሰጣችሁ በፊት ክፍያ መቀበል አይችልም። እኔ አልጠየቅሁም፤ እሱም አልሰጠኝም። እናንተ ጠይቁት። ወረቀቱ ከሌለው ውይይቱ እዚያው ያብቃ።

አከፋፈሉም ሌላ ወጥመድ ነው። «ለወዳጅ እንደሚላክ አድርገሽ በፔይፓል ላኪው፤ ኮሚሽን እንዳይቆርጥብን» አለኝና ላክሁ። ለወዳጅ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም። ለንግድ የሚከፈል ገንዘብ በንግድ መንገድ ይከፈል፤ ኮሚሽኑ የሚያሳስበው ነጋዴ ዋጋው ላይ ይጨምረው።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልበል፣ የእኛ የብቻችን ጣጣ ስለሆነ። ትኬት ላይ የሚጻፈው በተለምዶ የምንጠራበት ስም አይደለም፤ ፓስፖርቱ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ እንዳለው መሆን አለበት። የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በተመዘገበበት ፓስፖርት ላይ «ስሜና የአባቴ ስም» ብሎ ትኬት የሚቆርጥ ወኪል በር ላይ ያስቀራችኋል። የእኛን ራሴ ስለጻፍኩት ተረፍን።

በዚያው ቀንና በዚያው ሆቴል ሁሉንም በየግሌ ብገዛ ስንት ይሆን እንደነበር ደምሬዋለሁ፤ 1,030 ዩሮ ገደማ ነው። 450 ዩሮ ለድካሙ ከፍዬዋለሁ ማለት ነው፤ ሰው ለሥራው መከፈሉን አልቃወምም። ግን የገዛሁት ድካም የማሰብ ድካም ነበር፤ መንገዱን ከቪዛው ጋር አመሳክሮ ማየት፣ ሁለቱን ማረፊያ ማስተያየት፣ የመኪናውን ደንብ ማንበብ። ያ ሥራ አልተሠራም። ላልተሠራው ሥራ ተጨማሪ 550 ዩሮ አካባቢ ከኪሴ ወጣ፤ የባከነውን የዱብሮቭኒክ ክፍል ሳልቆጥር።

አሁን በክልሉ ወዳለው የሸማቾች ምክር ማዕከል ሄጄ፣ ጉድለቱን ዘርዝሬ፣ ሁለት ሳምንት ገደብ ሰጥቼ በአደራ ደብዳቤ ልኬለታለሁ። በጀርመን ሕግ የጥቅል ጉዞ ጉድለት ክስ ጉዞው በውሉ መሠረት ማብቃት ከነበረበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ጊዜ አለው። ነገር ግን ችግሩ በተፈጠረበት ሰዓት ለሻጩ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከጣቢያው የጻፍኩት መልእክት አሁን ዋናው ማስረጃዬ ነው፤ ስለዚህ ስልክ ቢዘጋባችሁም ጻፉ።

ማስታወቂያው አሁንም በስልክ ቡድኖቻችን ውስጥ እየዞረ ነው፤ የነሐሴው ጉዞ በዚያው መንገድ፣ ከስፕሊት በአውቶቡስ ይላል። ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን ቪዛ አውጥታችሁ የመግቢያ ብዛት የሚለውን ቦታ ተመልከቱ። 01 ከሆነ፣ አውቶቡሱ በድልድዩ እንደሚሄድ ሻጩ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁት፤ ካላረጋገጠ የአውቶቡሱን ትኬት በጀልባ ትኬት እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ። ጀልባው በነሐሴ ቶሎ ይሞላል።