መመዘኛውን አንዴ መመዝገብ ወይስ በየዕቅዱ መጻፍ?

ኤስኤፒ (የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ላይ የፍተሻ ዕቅድ፣ ማለትም ዕቃው ሲፈተሽ ምን ምን እንደሚለካ የሚዘረዝር መዝገብ፣ ስትሠሩ መመዘኛውን (የሚለካውን ነገር) ለማስገባት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በኪውፒ01 (ዕቅድ መፍጠሪያው ትዕዛዝ) ገብቶ መመዘኛውን ዕቅዱ ላይ በቀጥታ መጻፍ ነው። «የዱቄት እርጥበት፣ እስከ 14 በመቶ»፣ በቃ። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ይወደዋል።

ሁለተኛው መጀመሪያ በኪውኤስ21 ዋና መመዘኛ መፍጠር ነው። ኮድ ይሰጠዋል፣ ከፍተሻ ዘዴው ጋር ይያያዛል፣ ዕቅዶቹም እሱን ይጠሩታል። አሰልቺ ነው። ስም አወጣጡ ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ስንከራከር ውለናል።

ልዩነቱ የሚታየው የእርጥበቱ ጣሪያ ከ14 ወደ 13.5 በመቶ ሲወርድ ነው። በቀጥታ የተጻፈ ከሆነ 40 ዕቅድ ካለ አርባውንም አንድ በአንድ መክፈት ነው። እኔ እንዲህ ስል ሁለቱን ዘልዬ፣ እርጥብ ዱቄት «አለፈ» ተብሎ መጋዘን ገብቶ ያውቃል። ዋናው መመዘኛ ገደቡን ጭምር ከያዘ ግን አዲስ ቨርዥን ይወጣለታል፤ የት የት እንደገባ ሲስተሙ ያሳያል፣ በአንድ ላይም ይተካል። የተለያዩ ዱቄቶችን እርጥበት ማወዳደርም ይቀላል፤ ኮዱ አንድ ነዋ!

አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋናውን መመዘኛ ወደ ዕቅዱ ስታስገቡ ሁለቱን የሚያያይዘው ማጣቀሻ ካልተመረጠ ተራ ቅጂ ይሆናል፤ ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

በቀጥታ መጻፉን የምጠቀምበት ለአንድ ጊዜ ፍተሻ ብቻ ነው።