ከደብረ ብርሃን እየተመላለስኩ የተማርኩት የሥነ ልቦና ዶክትሬት

ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሴሚናር ባለ ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ በዚያ ብርድ ጋቢ ደርቤ መናኸሪያ እወርዳለሁ፤ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠቅስም።

ድካሙን የሚያስረሱኝ የጥናት አማካሪዬ ናቸው። ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ ይዤ አንኮበር ወጣሁ። 9 ጥያቄ ነው፣ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይጠይቃል፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። አንዲት እናት የመጀመሪያዎቹን ሰምተው፣ «ልጄ፣ እኔን እንዲህ አይደለም የሚያደርገኝ፤ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉኝ። የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት ላድርግ? አማካሪዬ ይህን ሲሰሙ ወረቀቱን ዘግተው፣ «እንግዲህ ጥናትህ ከዚህ ይጀምራል» አሉ። መጠይቅ መተርጎም ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ቢያመሳክረውም እንኳ ሰዎቹ የሚሰማቸውን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ግድ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ለዚህ ብቻ ብመዘገብም አይቆጨኝም።

ሰዎችን ለማጥናት የሚያስፈልገው የሥነ ምግባር ፈቃድ ግን አንገበገበኝ፤ 7 ወር ፈጀ። ማመልከቻዬ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ አስገባሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ጥሩ ነው፤ ከግቢ ውጭ ሆኖ ጆርናል መክፈት ግን አይቻልም፤ ክፍለ ሀገር ላለ ተማሪ ይህ ከባድ ነው።

ልትመዘገቡ ያሰባችሁ፣ አማካሪ እንዲሆኗችሁ የምትፈልጓቸውን ሰው አስቀድማችሁ በአካል አግኙ። ስንት ተማሪ እንደያዙም ጠይቁ።