ሆሊስተር ሄጄ ያሰራሁት የሞተር ሲት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ይሄን የምጽፈው በሞተር ረጅም መንገድ ለምትሄዱ ነው፣ በተለይ እዚህ ካሊፎርኒያ ላላችሁ፣ ግን የትም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። ሰው ሞተር ሊገዛ ሲል ስለ ሲሲው ስለ ጎማው ስለ ድምፁ ሳምንት ሙሉ ይጠይቃል፣ ቀኑን ሙሉ ስለሚቀመጥበት ነገር ግን አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። እኔም አልጠየኩም ነበር፣ ሶስት አመት ከተሰቃየሁ በኋላ ነው የገባኝ።

የኔ ሞተር 1,300 ሲሲ ቱሪንግ ነው፣ ለረጅም መንገድ ተብሎ የሚሰራው አይነት። የሰራውን ካምፓኒ ስም የማልጠራው ችግሩ የአንድ ካምፓኒ ስላልሆነ ነው፣ ፋብሪካ ለሁሉም ሰው አንድ አይነት ሲት (መቀመጫ) ነው ሚሰራው፣ 55 ኪሎ ለሆነችውም 110 ኪሎ ለሆነውም ያው ሲት። ደሞ ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ለስለስ እንዲል ነው የሚፈልጉት፣ ገዢው 5 ደቂቃ ይቀመጥበትና ሲመች ብሎ ይፈርማል። ለ5 ደቂቃ የሚመች ሲትና ለ5 ሰአት የሚመች ሲት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወንድሜ ሎስ አንጀለስ ነው ሚኖረው፣ ፌርፋክስ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ አጠገብ፣ እኔ ደሞ ሳን ሆዜ ነኝ፣ በአመት አምስት ስድስት ጊዜ እሄዳለሁ። 340 ማይል ገደማ ነው፣ በኪሎ ሜትር 550 ማለት ነው። ጊልሮይን የነጭ ሽንኩርቱን ሽታ እያሸተታችሁ ታልፋላችሁ፣ በ152 ቁጥር መንገድ ፓቼኮ ፓስ የሚባለውን ተራራ ትሻገሩና አይ 5 የሚባለው ሀይዌይ ላይ ትወጣላችሁ፣ ከዛ በኋላ በቃ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ ኩርባ የለ፣ ሰውነታችሁን የምታንቀሳቅሱበት ምክንያት የለ፣ ሲት የሚፈተነው እዛ ነው። ተራራ ላይ ስትነዱ በየኩርባው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስለምትሉ መጥፎ ሲትም ይታገሳችኋል፣ አይ 5 ላይ ግን አይታገስም።

የፋብሪካው ሲት የመጀመሪያውን ሰአት ጥሩ ነበር። አንድ ሰአት ተኩል ሲሞላ አጥንቴ መቃጠል ይጀምራል፣ ከዛ ጭኔ ይደነዝዛል፣ ከዛ የእግር መርገጫው ላይ ብድግ ቁጭ ማለት ነው። በየ40 ማይሉ እቆም ነበር። ወንድሜ ቤት ስደርስ ምሳ ቀርቦ ተቀመጥ እንጂ እያለኝ ቆሜ የበላሁበት ቀን አለ። እሱ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፣ ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፣ ኬትልማን ሲቲ አካባቢ ከፊቴ ያለው ትራክ ፍሬን ሲይዝ ዘግይቼ ነው ያየሁት፣ ለምን ብትሉኝ ሃሳቤ በሙሉ መቀመጫዬ ላይ ስለነበር ነው። የዛን ቀን ነው ይሄ ነገር የምቾት ብቻ ሳይሆን የደህንነት ጉዳይ እንደሆነ የገባኝ።

መጀመሪያ ያደረኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፣ ኦንላይን ገብቼ ለስላሳውን ገዛሁ፣ ጄል አለው የተባለ ወፍራም ሲት። ማን እንደሰራው አልናገርም። ጁላይ ላይ ሴንትራል ቫሊን ይዤው ወጣሁ፣ እዛ በበጋ 100 ፋራናይት ማለፉ የተለመደ ነው፣ ጄል ደሞ ሙቀት ይይዛል፣ ነዳጅ ልቀዳ ፀሀይ ላይ አቁሜው ተመልሼ ስቀመጥ እንደ ምጣድ ነበር። ሙቀቱ እንኳን ሲበርድ ስቃዩ ያው ሆነ፣ እንደውም ባሰ።

ለምን እንደባሰ ያስረዱኝ ቤተክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ሞተር ነድተው አያውቁም፣ ግን በልጅነታቸው ጎጃም በበቅሎ ብዙ መንገድ ሄደዋል። ችግሬን ስነግራቸው "ልጄ፣ የበቅሎ ኮርቻ ጥጥ ተሞልቶ አይተህ ታውቃለህ? እንጨት ላይ የተወጠረ ቆዳ እኮ ነው፣ ልስላሴው ከላይ የምታነጥፈው ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት መቀመጫችን ውስጥ ያሉ ሁለት አጥንቶች ናቸው፣ ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ስትቀመጡ እነሱ ይሰምጡና ስፖንጁ ከስር ያለው ፕላስቲክ ድረስ ይጨፈለቃል፣ የሰመጣችሁበት ጉድጓድ ዳርና ዳሩ ደሞ ተነስቶ ጭናችሁን ይጫናል፣ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፣ መደንዘዙ ከዛ ነው ሚመጣው። ጠንከር ያለ ፎም (ስፖንጅ) ግን አያሰምጣችሁም፣ ቅርፁ ልክ ከሆነ ክብደታችሁን ሰፋ አርጎ ይይዘዋል። ቅርፁ ልክ ከሆነ ነው ያልኩት፣ ጠንካራ ሆኖ ቅርፁ የማይሆን ሲት ከሁሉም የከፋ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እራሳችሁን ለኩ። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ወንበር ላይ የካርቶን ቁራጭ አድርጉና ጉልበታችሁን ትንሽ ከፍ አርጋችሁ 2 3 ደቂቃ ተቀመጡበት፣ ስትነሱ ሁለት ጉድጓድ ታያላችሁ፣ በመሀላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። የኔ 12 ሳንቲሜትር ነው፣ የሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ይላል። ከዛ ሲታችሁን እዩት፣ ሁለቱ አጥንቶች የሚያርፉበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ነው ወይስ እንደ በርሜል ጀርባ ሾጠጥ ብሎ ወደ ጎን ይወርዳል? የኔ የፋብሪካው ሲት ሁለቱም በሽታ ነበረበት፣ ከላይ ጎበጥ ያለ ነው፣ ከዛ ደሞ ወደ ፊት ስለሚያዘቀዝቅ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ታንኩ እንሸራተታለሁ፣ ተመልሼ ወደ ኋላ እገፋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ይሄው ነው። ስፌትም እዩ፣ አጥንት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስፌት ካለ ያ ሲት ይቅርባችሁ። የምትለብሱት ሱሪም እንደዛው፣ ጂንስ ወፍራም ስፌቱ የት እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ፣ እኔ አሁን ከስር ስፌት የሌለው የስፖርት ታይት ነው ምለብሰው፣ እሱ ብቻ ግማሽ ሰአት ጨምሮልኛል። ደሞ መሪው ሩቅ ሆኖባችሁ ወደፊት ተንጋዳችሁ የምትነዱ ከሆነ ወይ የእግር መርገጫው ጉልበታችሁን በጣም የሚያጥፈው ከሆነ የቱንም ሲት ብትገዙ ሙሉ በሙሉ አይፈታላችሁም፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

በመሀል ገንዘብ እስካጠራቅም የተጠቀምኩባቸው ነገሮች አሉ፣ እነሱንም ልንገራችሁ ምክንያቱም ለአንዳንድ ሰው እነሱ ብቻ ሊበቁት ይችላሉ። አንዱ ኤርሆክ የሚባለው የአየር ትራስ ነው። ሮሆ የሚባለው ኢሊኖይ ያለው ካምፓኒ ዊልቸር ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚውሉ ሰዎች ሰውነታቸው እንዳይቆስል ብሎ ከሰራው ትራስ የመጣ ነው፣ በትናንሽ የአየር ከረጢት የተሞላ። ሰው የሚሳሳተው እንደ ኳስ ጥርቅም አርጎ ሲነፋው ነው፣ እኔም እንደዛ አርጌ ኩርባ ላይ ሲያወዛውዘኝ ነበር። ተቀምጣችሁበት አየሩን ቀስ እያላችሁ ማስተንፈስ ነው፣ አጥንታችሁ ሲቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ዝጉት። እንደዛ ሳደርገው በጣም ረድቶኛል። ሁለተኛው አጎዛ ነው። አዎ የኛው አጎዛ፣ ፈረንጆቹም ለሞተር ብለው ይሸጡታል፣ ፀጉሩ አየር ስለሚያሳልፍ በሙቀትም በብርድም ጥሩ ነው፣ ዝናብ ላይ ግን ውሀ ጠጥቶ ይከብዳል። ሌላው ድሮ ታክሲ የሚነዱ ሰዎች ወንበራቸው ላይ የሚያነጥፉት የእንጨት ዶቃ ነው፣ አይረን በት የሚባለው የረጅም ርቀት ሞተረኞች ማህበር አባላት ሳይቀሩ ይጠቀሙበታል፣ እነዚህ ሰዎች ለመጀመሪያው ሰርተፍኬት እንኳን በ24 ሰአት 1,000 ማይል መንዳት አለባቸው፣ ስለመቀመጥ የነሱን ያህል የሚያውቅ የለም።

ሲት ሰሪዎቹን ባጭሩ፣ ፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ሳርጀንት አለ፣ አይዳሆ ያለው ሲት ኮንሰፕትስ ፎሙንና ልባሱን ብቻ ይሸጥላችሁና በራሳችሁ ሲት ላይ በስቴፕለር ትሰሩታላችሁ፣ እጃችሁ ስራ የሚያውቅ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል። ራስል ዴይሎንግ የሚባለው ውስጡ ሱስታ አለው፣ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ሰፋ ይላል፣ የራሳችሁን ሲት ፖስታ ቤት ትልኩና በክብደታችሁና በቁመታችሁ ይሰራል፣ ረጅም ርቀት የሚነዱት ይወዱታል። እኔ ወደሱ ያልሄድኩት 1 ሜትር ከ70 ስለሆንኩ ነው፣ ሲት ከፊት በሰፋ ቁጥር እግር ከመሬት ይርቃል።

እኔ የመረጥኩት ኮርቢን ነው፣ ዋናው ምክንያት ደሞ ፋብሪካው ድረስ ሞተሬን ነድቼ መሄድ ስለምችል ነው። ሆሊስተር ከሳን ሆዜ 50 ማይል ገደማ ነው፣ በፈረንጆቹ 1947 ጁላይ 4 ላይ የሞተረኞች ረብሻ ተነሳ ተብሎ በመላው አሜሪካ የተወራባት ትንሽ ከተማ ናት። የካምፓኒው መስራች ማይክ ኮርቢን ይባላል፣ በ1974 ቦነቪል ጨው ሜዳ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር በሰአት 165 ማይል ነድቶ በጊዜው ሪከርድ ይዞ የነበረ ሰው ነው፣ ሲት የሚሰራው ሰው እራሱ ነጂ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ቀጠሮ ይዤ ጠዋት ገባሁ። የድሮውን ሲት አወጡት፣ የአዲሱን ሲት የፋይበር ግላስ ወለል ሞተሬ ላይ ገጠሙት፣ ፎሙ ልባስ ሳይለብስ ተቀመጥ አለኝ ሰውዬው። እግሬ መሬት ሲነካ አየ፣ መሪውን ያዝ አለኝ፣ ከጎን ቆሞ ወገቤን አየ፣ ፎሙ ላይ በማርከር ምልክት አደረገና ወስዶ በማሽን ሞረደው። ተቀመጥ። አሁንስ? ከፊት ጭኔን ይከፍተዋል አልኩት፣ እንደገና ሞረደው። ወደ ፊት ያንሸራትተኛል አልኩት፣ ከኋላው ዝቅ አርጎ ከፊት ትንሽ ከፍ አደረገው። ሶስት አራት ጊዜ እንዲህ ተመላለስን፣ አንድም ጊዜ ፊቱን አላጨፈገገብኝም። እኔ እዚህ አገር 14 አመት ስኖር ብዙ ነገር ገዝቻለሁ፣ በሰውነቴ ልክ ሲሰራልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው፣ ልጅ ሆኜ ልብስ ሰፊ ቤት ለበአል ሱሪ የተለካሁበትን ቀን አስታወሰኝ። ልባሱን መቀመጫው ላይ ቆዳ፣ ጎኑ ላይ ቪኒል አደረኩት፣ ቆዳ ስለሚተነፍስ ነው። ከሰአት በኋላ ተሰፍቶ አለቀ፣ ከነጀርባ መደገፊያው ወደ 1,000 ዶላር ተጠጋ። ብዙ ብር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ላልሆነው ጄልና ለዚህ ለዚያ ያወጣሁትን ስደምረው ከመጀመሪያው እዚህ መምጣት ነበረብኝ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ፣ የመጀመሪያ ቀን ጠንካራ ነው። ከዛው ከሆሊስተር በ25 ቁጥር መንገድ ወደ ፒናክልስ ፓርክ ወጣሁበት፣ ቆንጆ መንገድ ነው፣ ግን በልቤ ተበላሁ እንዴ እያልኩ ነበር የምነዳው። ተበላሁ አልነበረም፣ አዲስ የቆዳ ጫማ ማለት ነው፣ እግር እስኪያወጣው ጊዜ ይፈልጋል። 1,500 ማይል አካባቢ ላይ ቆዳው የኔን ቅርፅ ያዘ። ከዛ ሎስ አንጀለስ ስሄድ ሁለት ጊዜ ብቻ ቆምኩ፣ ሁለቱንም ለነዳጅ። 5ኛው ሰአት ላይ ይሰማኛል፣ አልዋሽም፣ ግን ያ የድካም ነው እንጂ ድሮ የማውቀው ማቃጠል አይደለም፣ ሎስ አንጀለስ ከመድረሴ በፊት ግሬፕቫይን የሚባለውን ዳገት ስወጣ ነፋሱንና ትራኮቹን እያየሁ ነው የነዳሁት፣ ወንድሜ ቤትም ቁጭ ብዬ በላሁ።

ባለቤቴ ከኋላ መቀመጥ ካቆመች ሁለት አመት ሆኗት ነበር፣ ወገቤን አልችልም ብላ። እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ፣ ለቀጠሮው ይዣት መሄድ ነበረብኝ፣ የኋላውን ሲት እሷ ሳትቀመጥበት ነው ያሰራሁት። ሰፋ ያለና ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ መደገፊያም ስላለው ተመችቷታል፣ ሞንተሬ ደርሰን ስንወርድ "እንዲህ ከሆነማ እስከ ቢግ ሰር እንቀጥል" ነው ያለችኝ፣ ግን እድል ነው። ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ተለኩ።

ቆዳ እንክብካቤ ይፈልጋል፣ በየሁለት ወሩ ቅባት እቀባዋለሁ፣ ዝናብ ካለ የውሀ መከላከያ ልባሱን አለብሰዋለሁ፣ ፀሀይ ላይ ሳቆመውም ነጣ ያለ ጨርቅ ጣል አደርግበታለሁ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ቀኑን ሙሉ በሞተር ዴሊቨሪ የምትሰሩ ወንድሞች፣ ለናንተ ከኔ በላይ ነው ሚያስፈልጋችሁ፣ እዛ ደሞ ጥሩ ታፒሴሪ አለ። ስትሄዱ ለስላሳ አድርግልኝ አትበሉ። ከስር ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ ከላይ ሳሳ ያለ ለስላሳ፣ አጥንት የሚያርፍበት ጠፍጣፋ፣ ከፊት ጠበብ ያለ፣ መሀሉ ላይ ስፌት የሌለው በሉት። ልባሱ ከመሰፋቱ በፊት ፎሙ ላይ ብቻ ተቀምጣችሁ ዞር ዞር በሉበት፣ ካልሆነ ያኔ ነው ሚቆረጠው። የድሮውን ስፖንጅ አትጣሉ።

ሳን ሆዜ አካባቢ ያላችሁ ደሞ ኮርቢን ይሆነኛል አይሆነኝም ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ንገሩኝ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሞተሬን ይዤ እመጣለሁ፣ ተቀመጡበት፣ ጊልሮይ ድረስ ነድታችሁት ተመለሱ።