የዩኤስጂኤስ የኅትመት ማከማቻ፦ ከመሐል ሜዳ ሆኜ ስጠቀምበት

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተቀምጬ በውሃ ሥራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ምንጭ እናጎለብታለን፣ የእጅ ጉድጓድ እናስቆፍራለን። በጀት ሲገኝ ደግሞ ሪግ የሚባለው የመቆፈሪያ ማሽን መጥቶ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከዓመታት በፊት አንድ ቀበሌ ላይ ሪግ ቆመ። ሰዉ ለደስታው በግ አዘጋጅቶ ነበር። 110 ሜትር ወረድን፤ የሚወጣው አቧራ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲነቀል አንድ ሽማግሌ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ እዚህ እኮ በደርግ ጊዜም ቆፍረው ነበር። ያኔም ደረቅ ነው ብለው ነው የሄዱት» አሉኝ። ያሳዩኝ ቦታ 200 እርምጃ አይርቅም። የዚያን ጉድጓድ መዝገብ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ፋይሉ የለም። ቢሮ ሲቀየር ከተጣለው ወረቀት ጋር ሄዶ ይሆናል ተባልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ በአጭሩ ዩኤስጂኤስ፣ የድሮ ወረቀቶቹን ስካን አድርጎ በነፃ ያስቀመጠበትን ማከማቻ ሳገኝ ምን እንደተሰማኝ መገመት ይቻላል። ፐብሊኬሽንስ ዌርሃውስ ይሉታል። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በ1879 ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። «ወተር ሰፕላይ ፔፐር» የሚባለው የውሃ ጥናት ተከታታይ በ1896 ተጀመረ። ያ ሁሉ እየተቃኘ ገብቷል። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። የኅትመቱን ቁጥር ጽፎ ፒዲኤፉን ማውረድ ነው። እኔ በሌሊት ፓኬጅ በስልኬ ነው የማወርደው።

መጀመሪያ ያወረድኩት ቁጥር 2220ን ነው። ራልፍ ሂዝ የጻፈው፣ በ1983 የወጣ የከርሰ ምድር ውሃ መማሪያ ነው። 86 ገጽ ብቻ። ከውስጡ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ብዙ ነገር አስተካከለችልኝ። ሸክላ አፈር ከመጠኑ 50 በመቶው ክፍተት ነው። ውሃ ሲሞላና ሲንጠፈጠፍ ግን የሚለቀው 2 በመቶ ብቻ ነው፤ 48ቱን ይዞ ይቀራል። አሸዋ 25 ይይዛል፣ 22ቱን ይሰጣል። የኛን መረሬ አስቡት። ክረምት ላይ እግር ይውጣል፤ ከሥሩ ጉድጓድ ብትቆፍሩ ግን ውሃው ጠብ የሚለው በግድ ነው። ይህን ለውሃ ኮሚቴዎች በሁለት ጣሳ እያሳየሁ አስረዳለሁ፤ በአንዱ መረሬ፣ በአንዱ የወንዝ አሸዋ። ታቹን ቀዳድቼ ውሃ አፈስባቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ «አፈሩ እርጥብ ነውና እዚህ ይቆፈር» የሚል ሰው ቀንሷል።

ስለ መንዝ የሚያወራ ወረቀት እዚያ ለማግኘት አልሄድኩም። ድንጋዩ ግን ዘመድ አለው። የኛ ደጋ ላቫ እየተደራረበ የሠራው ባዛልት ነው። ጣርማ በር ላይ ያለው ድንጋይማ በጂኦሎጂ መጻሕፍት ስሙ ራሱ «ጣርማበር ፎርሜሽን» ነው። ዋሽንግተን፣ ኦሪገንና አይዳሆ ግዛቶች ላይ የተዘረጋው የኮሎምቢያ ባዛልትም እንዲሁ ተደራርቦ የፈሰሰ ነው፤ በዕድሜ ግን የኛን 30 ሚሊዮን ዓመት ግማሽ ያህላል። ውሃው የሚገኘው በአብዛኛው አንዱ ላቫ ከሌላው በሚገናኝበትና ድንጋዩ በተሰነጣጠቀበት ነው። ያልተሰነጠቀው ባዛልትና የተሰነጣጠቀው ውሃ በማሳለፍ በሚሊዮን እጥፍ ይለያያሉ። ለዚህ ነው ያ የጠፋ ፋይል የሚቆጨኝ። ደረቅ መሆኑን ብቻ አይደለም የሚነግረን፤ በስንት ሜትር ላይ ምን ድንጋይ እንደወጣም ያሳየን ነበር።

የምታወርዱ ከሆነ መለኪያው በአብዛኛው በጫማና በጋሎን መሆኑን እወቁ። አንድ ጫማ 0.3048 ሜትር፣ አንድ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው። እኔ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ። ሌላው ካርታ ነው። እዚህ ትልልቆቹ ካርታዎች «ፕሌት» ተብለው ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ተዘርግተው ስለተቃኙ የከፍታው መስመር ሁሉ ይነበባል። አንድ ሌላ ትልቅ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ላይ ግን ካርታው እንደታጠፈ ስካን ተደርጎ አጋጥሞኛል። መጽሐፉ አለ፣ ካርታው የለም ማለት ነው። እኛም አንድ ቀን የራሳችንን የድሮ ወረቀቶች ስካን ማድረግ ስንጀምር ይህን ብንጠነቀቅ ደስ ይለኛል።

ልንጀምር ደግሞ ይገባል። የደብረ ብርሃን አካባቢ የ1:250,000 ካርታ ቁጥሩ ኤንሲ 37-11 ነው። በ1964 የታተመው ባለ 17 ጥራዝ የዓባይ ተፋሰስ ጥናት የኛን ጀማ ወንዝም ይመለከታል፤ የግድብና የመስኖ ሥራ ከሚመለከተው ከአሜሪካ የሪክላሜሽን ቢሮ ጋር የተሠራ ነው። መንዝ ያለ የውሃ ባለሙያ እነዚህን በስልኩ ከፍቶ ማየት አለበት።

እስከዚያው የኛን መደርደሪያ ይዣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጉድጓድ ፋይሎቹን አንድ በአንድ መስኮት ሥር ዘርግቼ በስልክ አነሳለሁ፤ የታጠፈውን ዘርግቼ፣ በእርሳስ የተጻፈውን ሳልዘል። 63 ፋይል ደርሻለሁ። ሽማግሌው ያሳዩኝን ቦታም በጂፒኤስ ወስጄ በአንድ ወረቀት ላይ «በደርግ ጊዜ ተቆፍሯል፣ ደረቅ፣ ጥልቀቱ አይታወቅም» ብዬ ጽፌ ፋይል ከፈትኩለት።