ከኒኮቲን ፓች ለምታወርደን ፋርማሲስት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ለምትሠራ ፋርማሲስት እህታችን በአደባባይ እግዚአብሔር ይስጥልን ለማለት ነው ይህን የምንጽፈው። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች አንጠቅሰውም፤ ቤቱን ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ሲጋራ አቁማችሁ ፓች (ሐራራውን ለማስታገስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ኒኮቲን ያለበት ልጣፊ) ላይ ያላችሁ፣ ከፓቹ እንዴት እንደምትላቀቁ ግራ የገባችሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ።

ፓች እንዴት እንደሚጀመር የሚነግር አይጠፋም። እንዴት እንደሚወረድ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ግን እምብዛም ነው። እሷ የምትለየው በዚህ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን የመጨረሻውን ቀን በወረቀት ላይ ጽፋ ታሳያለች።

ሥራዋ የሚጀምረው ከካርቶኑ ነው። ፓች እዚህ ከተማ በየፋርማሲው መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ ብዙ ሰው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ያስመጣል፤ ከየአገሩ የሚመጣው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአሜሪካ የሚመጣው 21፣ 14 እና 7 ሚሊግራም ሆኖ 24 ሰዓት የሚለጠፍ ነው። ከእንግሊዝ በኩል 25፣ 15 እና 10 ሚሊግራም የሆነ፣ ጠዋት ተለጥፎ ማታ የሚነሳ የ16 ሰዓት ዓይነትም ይመጣል። 25ቱን አይቶ «ይሄማ ከ21ዱ ይከብደኛል» የሚል አለ፤ ሁለቱም ግን በየወገናቸው የመጀመሪያው ደረጃ ናቸው። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን በቁጥሩ ብቻ ገምቶ መለጠፍ ነው የሚያሳስተው። እሷ የማብቂያ ቀኑን ካየች በኋላ በየካርቶኑ ላይ በማርከር 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ ብላ ትጽፋለች።

ከዚያ ቆጠራ ነው። የአሜሪካው ዓይነት ከሆነና ሰውየው በቀን ከ10 ፍሬ ሲጋራ በላይ ያጨስ ከነበረ፣ 21ዱን ለ6 ሳምንት፣ 14ቱን ለ2 ሳምንት፣ 7ቱን ለ2 ሳምንት ይለጥፋል። በድምሩ 70 ፍሬ፤ አንዱ ካርቶን 14 የሚይዝ ከሆነ 3፣ 1 እና 1 ካርቶን መሆኑ ነው። 10 ፍሬና ከዚያ በታች የሚያጨስ ከነበረ ከ14 ይጀምርና 6 ሳምንት ቆይቶ ለ2 ሳምንት 7 ላይ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ትንሹ፣ ባለ 7 ሚሊግራሙ ነው። ዘመድ ሲላክ «ጠንከር ያለውን አምጣ» ተብሎ ነውና። እሷም የጎደለው ካለ ሰው ገና 21ዱ ላይ ሳለ እንዲያስልክ ታሳስባለች።

ባለ 7ቱ ሲጠፋ ሁለት ዘዴዎች ይሞከራሉ፤ ሁለቱንም አትወዳቸውም። አንዱ ትልቁን ፓች በመቀስ መቁረጥ ነው። አንዳንዱ ፓች መድኃኒቱን በከረጢት መልክ ስለሚይዝ ሲቆረጥ ይፈሳል። የማይፈሰውም ቢሆን ኒኮቲን በባሕርይው ተናኝ ስለሆነ፣ ከማሸጊያው ወጥቶ የተቀመጠው ቁራጭ በማግስቱ ምን ያህል እንደቀረው አይታወቅም። አምራቾቹም አትቁረጡ ነው የሚሉት። ሁለተኛው ቀን እያሳለፉ መለጠፍ ነው። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ፓች ያልተለጠፈበት ቀን ማለት ሙሉ የሐራራ ቀን ማለት ነው። ሰውነት መውረድ ሳይሆን መውደቅና መነሣት ይሆንበታል።

ስለ አወራረዱ የምትነግረው አንድ ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ከ21 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 7፣ ሁለቱም የ7 ልዩነት ነው። የመጀመሪያው ግን ሲሶውን ነው የሚቀንሰው፤ ሁለተኛው ግማሹን። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳይታወቀው ያለፈ ሰው ሁለተኛው ላይ ቢነጫነጭ፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ሥራው ላይ ሐሳቡ ቢበታተን ሊደነቅ አይገባም። ያ የሚወርድበት ቀን ከበዓል ዋዜማ፣ ከሰርግና ከቅዳሜ ከሰዓት ጋር እንዳይገጥም ካላንደር አውጥታ ትመርጣለች። የሚጾም ሰው ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ያለው ረሃብ የሚያመጣው ብስጭት ከሐራራው ጋር እንደሚምታታ ቀድማ ታስጠነቅቃለች።

የአለጣጠፉ ነገር በአጭሩ፦ ቆዳው ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ፀጉር የሌለበት፣ ቅባትና ሎሽን ያልነካው ይሁን። ፓቹን በመዳፍ 10 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ፤ ጠርዝ ጠርዙን በጣት መዳሰስ። ያው ቦታ ሳምንት ሳይሞላው አይደገምም። ለጥፎ ሲያበቃ እጅን በውሃ ብቻ መታጠብ፤ ሳሙና ጣት ላይ የቀረው ኒኮቲን ወደ ቆዳ እንዲገባ ያግዛልና። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማሳከኩ ያለ ነው። ከ4 ቀን በላይ የቆየ መቅላት፣ እብጠት ወይም ሽፍታ ካለ ግን አቁሞ መጠየቅ ነው። ሌሊት ቅዠት የሚያስቸግረው ሰው የ24 ሰዓቱንም ቢሆን ማታ ሲተኛ ሊያነሣው ይችላል። ያገለገለው ፓች ውስጡ ገና ኒኮቲን አለበት፤ እሷ የሚጣበቀውን ጎን ከሚጣበቀው ጎን አጣብቃ ለሁለት አጥፋ ታሳያለች። ሕፃን እጅ የማይደርስበት ቦታ ይጣል።

ፍል ውሃ ገብቶ መታጠብ የሚወድ ደግሞ ይህን ይስማ። ሙቀት ወደ ቆዳ የሚሄደውን ደም ስለሚጨምር ፓቹ ከታሰበው በላይ ኒኮቲን ያስገባል። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ይመጣል። ፓች ተለጥፎ እያለ ከሚፋጅ ውሃና ከእንፋሎት መራቅ ነው።

ቡናውን ሌላ ቦታ ሲነገር አንሰማም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም። ስለዚህ ፓች ተለጥፎም ቢሆን፣ ሲጋራው ቆሞ ሳምንት ሳይሞላ ያው የለመዱት ቡና በደም ውስጥ የሚተወው ካፌይን እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰውም «ፓቹ አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል። አቦልን ጠጥቶ ቶናና በረካን መተው፣ ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ አለማዘዝ ብዙውን ያቃልላል። በዚሁ ምክንያት ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን (የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች)፣ ወይም ቲኦፊሊን (የአስም መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሊያቆም ሲል ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ጫት የሚቅምን ሰው አትቆጣም፣ አታሳፍርም። ግን ሲጋራው ይበልጥ ውል የሚለው ምርቃናው ላይ እና ጨብሲው ላይ እንደሆነ ታውቃለችና፣ ቢያንስ ደረጃ በሚቀንስበት ሳምንት እንዲተወው ትመክራለች። በመሀል አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ፓቹን ነቅሎ መጣል የለበትም፤ በማግስቱም እንደወትሮው መቀጠል ነው።

የመጨረሻው ፓች ሲነሣ ምን እንደሚጠበቅም ትጽፋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። ድንገት የሚመጣው አምሮት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፤ ውሃ መጠጣት፣ ተነሥቶ መራመድ በቂ ነው። ለማያልፈው ባለ 2 ሚሊግራም የኒኮቲን ማስቲካ አለ፤ እሱም እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም፤ ጥቂት አኝኮ አፍ ሲለበልብ ጉንጭ ውስጥ ማቆየት፣ ከ15 ደቂቃ በፊት ጀምሮም ቡናና ለስላሳ አለመጠጣት ነው። ያም ካልበቃ እሷን ጠይቆ ለተወሰነ ጊዜ ወደ 7ቱ መመለስ ከሲጋራው በእጅጉ ይሻላል፤ እንደ ሽንፈት እንዲቆጠር አትፈቅድም።

ለነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ላጋጠመው ወይም የልብ ምት መዛባት ላለበት ሰው እሷ ራሷ አትጀምርለትም፤ ሐኪም ጋ ትልካለች። ይህም እምነታችንን ጨምሮታል።

ስትሄዱ ያላችሁን ካርቶን ሁሉ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ በቀን ስንት ፍሬ ታጨሱ እንደነበርና ጠዋት ከነቃችሁ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያውን ትለኩሱ እንደነበር ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ወረፋው ቀለል ይላል።

እህታችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።