ለሲስተር እና ለማላውቃት እናት

ልጄ በ31ኛው ሳምንት ነው የተወለደው። ክብደቱ 1,480 ግራም ነበር። ዛሬ አራት ወር ሞልቶታል። እሱ ደረቴ ላይ ተኝቷል፣ እኔ በአንድ እጄ ይህን እጽፋለሁ። ምስጋናዬ ዘግይቷል፤ ግን ሳልናገር መቅረት አልፈለግኩም።

የማመሰግናት ጡት ስለማጥባት የምታማክር ነርስ ናት። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ።

የወለድኩ ዕለት ልጄን ሳላቅፈው ወደ ማሞቂያ ክፍል ወሰዱት። ባዶ እጄን አልጋዬ ላይ ቀረሁ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሲስተር መጣች። "አይዞሽ፣ እሱ እዚያ ሥራውን ጀምሯል፤ እኛም እዚህ እንጀምር" አለችኝ። ግራ ገባኝ። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ አንድ ላይ የሚቀናጁት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 34ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። መጥባት ለማይችል ልጅ ምን ላደርግለት ነው?

በእጅ ማለብ አስተማረችኝ። ጣቶቼን ከጠቆረው ክፍል ትንሽ ወደ ኋላ አስቀምጬ፣ መጀመሪያ ወደ ደረቴ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ለቀቅ። የጡቱን ጫፍ መጎተት የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወጣው ጥቂት ቢጫ ጠብታ ብቻ ነበር። "ይቺ ምን ትሆነዋለች?" ብዬ አለቀስኩ። "ይሄ እኮ እንገር ነው" አለችኝ። በስሪንጅ ለቅማ፣ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ወሰደችለት። ጉንጩ ውስጥ ሲቀቡት ምላሱን እንዳንቀሳቀሰ ተመልሳ ነገረችኝ። ያን ቀን እናትነት የተሰማኝ ያኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው "አንቺ ወተት የለሽም" አለኝ። ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም። ግን ያ ቃል እንቅልፌን ወሰደው። በዚያው ዕለት ሐኪሙ የእኔ እስኪበቃው የተለገሰ የጡት ወተት እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረበ። ፈቃዴን ጠየቁኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ደነገጥኩ። የማላውቃት ሴት ወተት? በሽታ ቢኖርባትስ? ደግሞም ከፍርሃቱ በላይ ቅናት ነበረብኝ። ልጄን ሌላ ሴት ልታጠግበው ነው ብዬ ሆዴ ባሰ። ለሲስተር ይህን ስነግራት አልገሠጸችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉንም አስረዳችኝ።

ወተት የምትለግስ እናት መጀመሪያ ስለ ጤናዋና ስለምትወስደው መድኃኒት ትጠየቃለች። ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ደሟ ይመረመራል። ወተቱ በ62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ባክቴሪያ ይኑርበት አይኑርበት ይመረመራል፤ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። ሙቀቱ ከመከላከያ ንጥረ ነገሮቹ የተወሰነውን ይቀንሳል፣ ይህንንም አልደበቀችኝም። ግን ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አንጀት ገና ስስ ነው። የአንጀቱን ክፍል እስከ መግደል የሚደርስ ከባድ ሕመም አለ፤ የዱቄት ወተት በሚሰጣቸው ላይ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት የእናት ወተት ካልተገኘ የተለገሰ ወተት ይመክራል። ነገሩ አዲስም አይደለም። የመጀመሪያው የጡት ወተት ባንክ ቪየና ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው።

በመጨረሻ ያለችኝን አልረሳውም። "የእሷ ወተት ያንቺ እስኪደርስ ነው። ያንቺን ማለብ ካቆምሽ ግን አይደርስም።" ፈረምኩ።

ከዚያ እውነተኛው ሥራ መጣ። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ ማለብ፣ አንዱ የግድ ሌሊት። ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ይላል። የወተት ማለቢያ መሣሪያው ያመኝ ነበር፤ እኔ እንዲያ ነው የሚሆነው መስሎኝ ችዬ ዝም አልኩ። ሲስተር ቆማ አንዴ አየችኝና ጡቴ ላይ የሚገጠመው ክፍል እንደጠበበኝ አወቀች። ሰፋ ያለ ቀየረችልኝ። ሕመሙ በዚያው ቀን ቀለለ። ልጄን ገላው ገላዬን ነክቶ ደረቴ ላይ ካቀፍኩት በኋላ ሳልብ ደግሞ ጡቴ አጋተ። በ11ኛው ቀን ወተቴ ለእሱ በቃ። የተለገሰው ቆመ።

ጡት መያዝ የጀመረው በ35ኛው ሳምንት ነው። እዚያም ነበረች። አፍንጫው ከጡቴ ጫፍ ትይዩ፤ አፉን በሰፊው እስኪከፍት መታገሥ፤ ከዚያ አገጩ ቀድሞ ጡቴን እንዲነካ ማስጠጋት። አንድም ቀን ሳትጠይቀኝ ጡቴን አልነካችም። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለእኔ ግን ትልቅ ነበር። አጠገቤ የተኛችው እናት በምትወስደው መድኃኒት ምክንያት ማጥባት አትችልም ነበር። ሲስተር የዱቄት ወተቱን በኩባያ እንዴት እንደምትሰጠው በዚያው ትዕግሥት አሳየቻት።

ስለዚህ ልትወልጂ የተቃረብሽ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ መኖሩን አሁኑኑ ጠይቂ። ጡትሽ እስኪቆስል አትጠብቂ። ስታጠቢ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጣ የምታይሽን ፈልጊ፤ በር ላይ ቆማ "ደጋግመሽ አጥቢ" ብላ የምትሄደውን አይደለም። የተለገሰ ወተት ካስፈለገሽም ከባንክ በሐኪም በኩል ይሁን። ያልተመረመረ ወተት፣ የሚሰጥሽ ሰው ደግ ቢሆንም፣ ለጨቅላ አደጋ አለው።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ 5 ኪሎ አልፏል፤ ጉንጩን ብታዪው!

አንቺም ወተትሽን የለገስሽ እናት፣ ጠርሙሱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም። ለስምንት ቀን ልጄን ያጠገብሽው አንቺ ነሽ። የተካፈለው ከልጅሽ ነውና፣ እባክሽ ልጅሽን ሳሚልኝ።